የምድጃዋ ወረቀት፦ መግዛቱን ነገረችን፣ መትከሉን ዘለለችው



በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ የምንተቸው ወደ ቤተ መጻሕፍታችን የሚመጡ መጻሕፍትን ነው። አልፎ አልፎም በአዳራሹ በታየ ድራማ ወይም በግድግዳ ላይ በተሣለ የጤና ትምህርት ላይ አስተያየታችንን እንሰጣለን። ለዛሬው እትማችን የመረጥነው ግን መጽሐፍም ድራማም አይደለም፤ አንዲት ወረቀት ናት። በፊትና በጀርባዋ የታተመች፣ ስምንት ሥዕሎች ያሏት፣ ከየሥዕሉ ሥር አንድ መስመር አማርኛ የተጻፈባት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስለ መግዛትና ስለ መጠቀም የምታስተምር ወረቀት። እዚህ ካኩማ ውስጥ ያላያት ሰው ጥቂት ነው። ያዘጋጀውን ድርጅት ስም አንጠራም። አንደኛ ነገር፣ የእሷ ዓይነት ወረቀት አንድ ብቻ አይደለም፤ በየካምፑ በየቋንቋው መሰሏ ይበተናል። ሁለተኛ፣ ለመተቸት የተነሳነው ጽሑፉን እንጂ ሰዎቹን አይደለም።

«ለወረቀት ደግሞ ምን ትችት ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። በእኛ ሠፈር ከየትኛውም ልቦለድ ይልቅ ብዙ አንባቢ ያላት እሷ ናት። በጎልማሶች ክፍላችን የንባብ መልመጃ አድርገናታል፤ ፊደል ገና የለዩ እናቶች ጣታቸውን እያስኬዱ አንብበዋታል። ሰው ደግሞ የታተመ ነገር ያምናል፣ በተለይ ማኅተምና አርማ ያለበትን። ልቦለድ ቢያጎድል አንባቢው ቅር ይለዋል፣ አለቀ። የምድጃ ወረቀት ዋናውን ነገር ከዘለለች ግን ቤት ይቃጠላል፣ ልጅ ይቃጠላል። ስለዚህ ከልቦለዱ ይልቅ እሷን ጠበቅ አድርጎ ማንበብ ይገባል ባዮች ነን።

በቅድሚያ ምስጋናውን። ሥዕሎቹን የሣለው ሰው ካምፕ ያውቃል። ጀሪካኑ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ተወትፏል። ድስቱ ጥቀርሻ አለበት። ሴትየዋ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ዓይኗን ከጭሱ መልሳ ጎንበስ ብላለች። በሌላ ጊዜ የደረሱን መመሪያዎች ላይ ያለችው ሴት ንጹሕ ልብስ ለብሳ እየሳቀች ነው የምታበስለው፤ በቱርካና ነፋስ እየሳቀ ያበሰለ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

ሦስተኛዋ ሥዕል ደግሞ ከስምንቱ ሁሉ ትበልጣለች። «ቀጭንና ደረቅ እንጨት፣ ጫፉ ብቻ ይንደድ» ትላለች። በዚህች አንዲት መስመር ውስጥ ስለ ምድጃው ማወቅ ያለብን ግማሹ አለ። በብዛት የሚታደለውና የሚሸጠው ምድጃ «ሮኬት» የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሳቤውን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ላሪ ዊኒያርስኪ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ውስጡ እንደ ክርን የታጠፈ ጉሮሮ አለው። እንጨቱ ከታች በአግድም ይገባል፣ እሳቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እንጨቱ የሚያርፍባት ትንሽ መደርደሪያ አለች፤ ከእሷ ሥር ያለው ክፍተት የአየር መግቢያ ነው። አፉን በፍልጥ ጥቅጥቅ አድርገን ስንሞላው አየሩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይታፈናል፣ ምድጃው ይጨሳል፤ ከዚያ «ይሄ ምድጃ አይረባም» እንላለን። መደርደሪያዋን ነቅለው የጣሉ ቤቶች ቆጥረን አንጨርሳቸውም። ሠዓሊው መደርደሪያዋን ከነሥሯ ክፍተት አሳይቷታል። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ ያለው ሰው ሌላው ላይ እንዴት ዝም አለ ያሰኛል።

የመጀመሪያዋ ሥዕል ላይ ግን ቅሬታ አለን። «ማገዶ እየተመናመነ ነው» ትላለች፤ ከጎኗ መጥረቢያ ይዛ ዛፍ የምትቆርጥ ስደተኛ ሴት ተሥላለች። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከቆመ ጀምሮ ደረቁ ምድር ብዙ ሸክም እንደተሸከመ አይካድም። ነገር ግን እዚህ እንጨቱ የቱርካናዎች ነው፤ ስደተኛ ወጥቶ እንዳይለቅም ይከለከላል። ማገዶና ከሰል በራሳቸው ላይ ተሸክመው የሚሸጡልን የቱርካና ሴቶች ናቸው። የሚታደለው ማገዶ ስለማያዳርስ፣ ቤተሰቡ ከራሽኑ ላይ ዱቄት ወይም አተር ቀንሶ ሸጦ እንጨት ይገዛል። በዳዳብ ካምፖች ከ1998 ጀምሮ ማገዶ የታደለውም ሴቶች እንጨት ፍለጋ ጫካ ሲወጡ ይደፈሩ ስለነበረ ነው። እንግዲህ የማገዶ ችግር ለእኛ የዛፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የራትና የሴት ልጅ ደኅንነት ጉዳይ ነው። ሥዕሉ ላይ መጥረቢያ የያዘችውን ሴት ሲያዩ አንዲት ተማሪያችን «እኔ መጥረቢያ ከያዝኩ አሥራ ምናምን ዓመቴ» ብለው ሳቁ። ወረቀቷ በመጀመሪያ መስመሯ አንባቢዋን ጥፋተኛ ታደርጋለች፣ ከዚያ ምድጃ ግዛ ትለዋለች።

«ግዛ» ካልን አይቀር፣ ወደ ቋንቋው እንግባ። ከሁሉም ይልቅ ያነጋገረን ይሄ ነው።

ሁለተኛዋ ሥዕል «ቆጣቢ ምድጃ ግዛ፤ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል» ትላለች። አራተኛዋ «ድስቱን ክደኚ»። አምስተኛዋ «አመዱን በየቀኑ ጥረጊ»። ስድስተኛዋ «ልጆችን ከእሳት ጠብቂ»። ሰባተኛዋ ደግሞ «ምድጃውን በተስማሚ ቦታ ትከል»። ልብ በሉ። ግዛና ትከል ለወንድ ነው። ክደኚ፣ ጥረጊ፣ ጠብቂ ለሴት ነው። ተርጓሚው ምናልባት አስቦበት ላይሆን ይችላል። ወረቀቷ ከእንግሊዝኛ ወይም ከስዋሂሊ እንደተመለሰች አረፍተ ነገሮቹ ይመሰክራሉ፤ በእነዚያ ቋንቋዎች ትእዛዝ ጾታ የለውም። አማርኛ ግን ለአንድ ሰው ሲያዝ ጾታውን ይመርጣል። ተርጓሚው መምረጥ ነበረበት፣ መረጠም፦ ገንዘቡንና ቦታውን ለወንዱ፣ አመዱንና ልጁን ለሴቷ።

ይሄ የሰዋስው ክርክር እንዳይመስላችሁ። በክፍላችን ካሉት እናቶች ብዙዎቹ ቤታቸውን ብቻቸውን የሚመሩ ናቸው። እንጀራ ጋግረው ሸጠው የሚያድሩ አሉ። ምድጃ የሚገዙት ራሳቸው ናቸው፤ ወረቀቷ ግን ስለ መግዛት ስታወራ ከእነሱ ጋር አታወራም። ባል ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጋሼ ምድጃውን ያመጣሉ፣ ጥግ ላይ ያስቀምጣሉ፣ «በይ ይኸው» ብለው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ልጁ በየት በኩል እንደሚሮጥ፣ እንጨቱ የት እንደሚደገፍ የሚያውቀው የሚያበስለው ሰው ነው። ቦታውን ያልመረጠች ሴት ልጁን ጠብቂ ስትባል ከፍርድ በኋላ እንደመጣ ምስክርነት ነው። «ይግዙ፣ ይክደኑ፣ ይትከሉ» ቢባል ለሁሉም በሆነ፤ እንግዳ ሰው ለትልቅ ሰው ሲናገርም ያምርበት ነበር። አብዛኛዎቹ ተማሪዎቻችን እኮ እትዬ የሚባሉ ናቸው!

አሁን ወደ «ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል»። ከምኑ ግማሽ? ማን ለክቶ? ለእንዲህ ዓይነት ምድጃ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውሃ ማፍላት ሙከራ ነው፤ ጥቂት ሊትር ውሃ ይጣዳል፣ የገባው እንጨት ይመዘናል፣ እስኪፈላና ቀጥሎም ሲንተከተክ ምን ያህል እንደነደደ ይሰላል። ምድጃን ከምድጃ ለማወዳደር ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ማንም ሰው ራቱን የፈላ ውሃ አይበላም። እኛ የምናበስለው ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ደረቅ ባቄላ ነው፣ ሰዓታት የሚፈጅ። ነፋስ አለ። ግማሽ እርጥብ እንጨት አለ። በዚህ አገር ማተንጌ የሚሉት ፕሮሶፒስ አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ፍሙ ግሩም ነው፣ ግን ካልተፈለጠ በምድጃው አፍ አይገባም። ሦስት ጉልቻም ቢሆን በግድግዳ ተከልሎ፣ በቀጭን እንጨት፣ ድስት ተከድኖ ሲነድና ሜዳ ላይ ሲነድ አንድ አይደለም። ስለዚህ «ግማሽ» የሚለው ቃል ተስፋ እንጂ መለኪያ አይደለም። በዚያ ሒሳብ ራሽኗን ሸጣ ምድጃ የገዛች ሴት ወሩ መጨረሻ ላይ ከዳኝ ብትል አንፈርድባትም።

በነገራችን ላይ በክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ስለ ወጡ እንጂ ስለ እንጨቱ አልተናገረም።

ስለ መግዛት ወረቀቷ የምትለው እዚሁ ላይ አበቃ፤ ግዛ ብቻ። ገበያ ላይ ቆሞ ምን እንደሚታይ አንድ ሥዕል ይበቃት ነበር። የሸክላ ውስጥ ላለው ምድጃ ሸክላውን በጣት ማንኳኳት፤ ጤነኛ ሸክላ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የራስን ድስት ይዞ ሄዶ መጣድ፣ ነቅነቅ ማድረግ፣ ሲያማስሉ የሚንሸራተት ከሆነ መተው። ሦስቱ የድስት ማረፊያዎች በደንብ መበየዳቸውን ማየት። ከሰል የሚያነደውን ጂኮ ከእንጨት ምድጃ መለየት፤ ሻጩ ሁለቱንም ምድጃ ይላቸዋል፣ ሥራቸው ግን ሌላ ሌላ ነው።

ዋናው ነቀፌታችን ሰባተኛዋ ሥዕል ላይ ነው። «ምድጃውን በተስማሚ ቦታ ትከል»። ሥዕሉን ተመልከቱት። ምድጃው በባዶ ነጭ ወረቀት መሐል ተንሳፏል። ግድግዳ የለም። ጣሪያ የለም። በር የለም፣ ነፋስ የለም፣ ልጅ የለም። ያ ጀሪካን ላይ የተወተፈውን ጨርቅ ያልዘነጋው ሠዓሊ እዚህ ሲደርስ ቤቱን አጥፍቶታል። «ተስማሚ» የሚለው ቃል ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ትርፍ ነው፣ ለማያውቅ ሰው ባዶ ነው።

ለምን ቤቱ እንደጠፋ እንገምታለን። የስደተኛ መጠለያ ሲታቀድ በሙቀት አገር ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ይላል መስፈርቱ፤ ይህም ማብሰያውን ሳይጨምር ነው። በብርድ አገር ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ይሆንና ማድቤቱን ያካትታል። ማለትም እኛ ውጭ እናበስላለን ተብሎ ነው የታሰበው። ቱርካና ሙቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን አቧራ ያዘለ ነፋስ አለ፣ ሲዘንብ ደግሞ ጎርፍ አለ፣ የሌባ ዓይን አለ፣ የጎረቤት ፍየል አለች። ስለዚህ ሰው ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ፣ በሸራና በማኩቲ ተለጣፊ ይሠራል፤ አንዳንዱም እዚያው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ያነድዳል። መስፈርቱ ላይ የሌለ ማድቤት፣ ሥዕሉም ላይ የለም።

እስቲ ወረቀቷ የዘለለችውን እንሙላው።

መጀመሪያ ርቀት። ቤት ለማሞቂያ የሚተከል የብረት የእንጨት ምድጃ በአሜሪካ ደንብ፣ የተለየ ፈቃድና መከለያ ከሌለው፣ ከማንኛውም ሊነድ ከሚችል ነገር 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። የእኛ ምድጃ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን የእኛ ግድግዳ ደግሞ ከዚያኛው የባሰ ነው፣ ሸራና ደረቅ ማገር። አንድ ትልቅ እርምጃ ብላችሁ ያዙት። ከላይም እንዲሁ፦ ዘይት ሲቀጣጠል ነበልባሉ ከድስቱ በላይ ይዘላል፤ ማኩቲ ክዳን በእጅ የሚነካ ከሆነ ከሥሩ አታንድዱ። ሸራማ ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ቆርቆሮ። ብዙ ሰው እንጨቱ ላይ ቆርቆሮ በሚስማር መትቶ «አሁን አይነድም» ይላል። ቆርቆሮው አይነድም፣ ልክ ነው። ሙቀቱን ግን ወስዶ ከኋላው ላለው እንጨት ይሰጠዋል። በየቀኑ የሚሞቅ እንጨት ከወር ወር ከዓመት ዓመት ውስጥ ውስጡን እየከሰለ ይሄዳል፤ እንዲያ የሆነ እንጨት ድሮ በማይነድበት ሙቀት ይነዳል። «ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም» ማለት ማስረጃ አይሆንም የምንለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ቆርቆሮውን ከግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ፣ ከታችም ከላይም ክፍት መተው። በመሐል የሚያልፈው አየር ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። ሁለት ጣት ክፍተት እኮ ነው! አንድ ሥዕል ትሸከመው ነበር። ወፍራም የጭቃ ጡብ ግድግዳ ያለው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ይሄ ሁሉ አያስጨንቀውም፤ ውስጡ የተቀበረ ምሰሶ እንደሌለ ብቻ ያረጋግጥ።

የምድጃው አፍ ወዴት ይዙር? ነፋሱ በቀጥታ ከገባበት ነበልባሉን ከድስቱ ሥር ገፍቶ ያስወጣዋል፤ እንጨቱ ያልቃል፣ ብልጭታውም ይበተናል። እንጨቱ በዚያ በኩል ስለሚወጣ አፉ ወደ መተላለፊያም መዞር የለበትም፤ የተቃጠለውን ጫፍ የሚረግጠው፣ ወይም የወጣውን እንጨት መትቶ ድስቱን በራሱ ላይ የሚደፋው ልጁ ነው። «ልጆችን ከእሳት ጠብቂ» የሚለው ትእዛዝ ግማሹ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፣ ምድጃው ሲተከል።

ሥሩ። መሬቱ ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ ውሃ ሲገባ ይፈርሳል፣ ሲያዘነብልም ድስት ይጥላል። ከድንጋይና ከጭቃ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ይሠራለት። ሸራ ወይም ካርቶን ከሥሩ አይነጠፍ። የሸክላ ውስጡ ብቻ የተሸጠላችሁ ከሆነ ዙሪያውን በሸክላ አፈር፣ አሸዋና በተከተፈ ጭድ ይለሰን። የካኩማ ፀሐይ ጭቃን ቶሎ ያደርቃል፤ ቶሎ የደረቀ ጭቃ ደግሞ ይሰነጠቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሶ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ቢተው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቢታገሱት፣ የመጀመሪያውም እሳት ትንሽ ጭራሮ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው። የጋለ ሸክላ ላይ ውሃ መርጨት የሚባለውን ይርሱት።

አምስተኛዋን ሥዕል እዚህ ላይ እናንሳት። «አመዱን በየቀኑ ጥረጊ»። ጠርጌ የት ልድፋው? አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ያድራል። እናቶቻችን እሳት አዳፍነው ያሳድሩ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማለዳ አመዱን ገለጥ ያደርጉና እሳት ያገኛሉ። ያንኑ አመድ ነፋስ ባለበት ምሽት ከሸራ ቤት ጀርባ መድፋት ማለት እሳት መዝራት ነው። በቆርቆሮ ዕቃ ይሁን፣ ውሃ ይርከፍከፍበት፣ ከዚያ ይደፋ። ቤቶቻችን ተጠጋግተዋል። ዩኤንኤችሲአር ራሱ ካምፕ ሲታቀድ በየ300 ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት ለእሳት መከላከያ ይተው ይላል፤ እሳት ከቤት ወደ ቤት ስለሚዘል ነው። ያ ባዶ መሬት ብሎክን ከብሎክ ያድናል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት አያድንም።

ጭስ ማውጫ ሥዕሏ ላይ የለም፤ ምድጃውም የለውም። በበያጅ የሚያሠሩ ግን አሉ። ጋለ የሚባል ቧንቧ በማኩቲ ወይም በሸራ መሐል ካለፈ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል። በጭቃ ግድግዳ ይውጣ፤ ከጣሪያው ከሚያልፍበት ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ ነገርም 60 ሴንቲ ሜትር፤ አለበለዚያ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይገፋዋል። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው ውስጡ የሚጋገረውን ጥቀርሻ ቶሎ ቶሎ ይጥረግ፤ እሱም ራሱ ይነዳል። መጥረጉ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሕንድ ኦሪሳ ግዛት ጭስ ማውጫ ያላቸው የጭቃ ምድጃዎች ለብዙ ቤተሰቦች ተሰጥተው ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል፤ በ2016 የታተመው ጥናት እንደሚለው በመጀመሪያው ዓመት የሚተነፈሰው ጭስ ቀነሰ፣ ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሰዎቹ አዘውትረው አልተጠቀሙባቸውም፣ አላደሷቸውም።

ስለ ጭስ ይህን ያህል ካልን ስምንተኛዋን ሥዕል ማለፍ አንችልም። «ጤናማ ቤተሰብ» ይላል፤ አባት እናትና ሁለት ልጆች ምድጃውን ከበው ቆመዋል። እዚህ ላይ ወረቀቷ ከምታውቀው በላይ ቃል ገብታለች። እንጨት መቆጠብና ጭስ መቀነስ አንድ ነገር አይደሉም። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት ባሉባቸው ቤቶች ንጹሕ የሚነዱ ምድጃዎች ታድለው ነበር፤ በ2016 ይፋ የሆነው ውጤት በሕፃናቱ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት አላሳየም። ምድጃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጭሱ ከሌላም ቦታ ይመጣል፣ ከጎረቤት፣ ከቆሻሻ ማቃጠያ፤ ትንሽ መቀነሱም አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። እኛ ማድረግ የምንችለው በጣሪያና በግድግዳ መሐል ክፍተት መተው፣ ምድጃውን ክፍተቱ ሥር ማድረግ፣ በፌስታል አለመለኮስ፣ ሕፃን በጀርባ አዝሎ አለማብሰል ነው። ሥዕሏ ላይ ያለው ትንሹ ልጅ ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት ነው የቆመው። ስድስተኛዋን ሥዕል ማንም አላሳየውም።

ከሰልም አለ። ወረቀቷ ስለ ከሰል ምንም አትልም፤ ብዙዎቻችን ግን ማታ በከሰል ነው የምናበስለው። ከሰል ጭስ የለውም ብሎ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የሚገድል ነገር ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያዞራል፣ ያንገሸግሻል፣ የተኛ ሰው ግን ይሄንንም ሳያውቅ ይቀራል። ይህ ለአንድ ሥዕል አይበቃም ነበር?

በመጨረሻ እንጀራ። በስምንቱም ሥዕል የተጣደው ድስት ነው። የአማርኛ ወረቀት ሆና ምጣድ የላትም! ኢትዮጵያ ውስጥ ቤተሰብ ከሚያነደው ከግማሽ በላይ የሚሄደው እንጀራ ለመጋገር ነው ይባላል። የእኛ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለድስት በተሠራ ጠባብ ጉሮሮ ላይ ሲጣድ መሐሉ ያራል፣ ዳር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጋጋሪዋ ምድጃውን ለወጥ ትተወውና ምጣዷን ወደ ሦስቱ ጉልቻ ትመልሳለች። ቤቱ ውስጥ ሁለት እሳት ሆነ ማለት ነው። ሰፊው እሳት ደግሞ የሚነደው በተረፈው ቦታ፣ ግድግዳው ሥር ነው።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። አገር ቤት በ1990ዎቹ የወጣው ምርጥ ምድጃ የተሠራው ከምጣዱ ተነስቶ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጣላል፤ አራቱ ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን ይከብቡታል፣ ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ድስት ያሞቃል። ሲጋገርበት ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ያድናል። «ግማሽ» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ትርጉም ነበረው፣ ምክንያቱም የተለካው በእንጀራ ነው። ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ እዚህ ድረስ አይመጣም። ነገር ግን ምጣዱን በጭቃ ዙሪያውን መክበብ፣ አንድ ማስገቢያና ከኋላ አንድ መውጫ መተው ማንም ጋጋሪ የምትችለው ነው። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ሦስት አራት ሆነው በአንድ የጋለ ምጣድ በተራ ይጋግራሉ፤ ምጣድ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል የሚበላው እንጨት አንዴ ብቻ ይሆናል። ይህን ወረቀቷ ከእነሱ መጠየቅ ትችል ነበር።

ሁለተኛ እትም እንደሚወጣ ሰምተናል። አዘጋጆቹ ይህን ካነበቡ የምንጠይቃቸው ጥቂት ነው። ትእዛዞቹ በአክብሮት ለሁሉም ይሁኑ። ከሥዕሎቹ አንዱ ላይ ምጣድ ይጣድ። ሰባተኛዋ ሥዕል ላይ ግድግዳና ጣሪያ ይሣልበት፤ ነፋሱ በቀስት ይመልከት፣ ከቆርቆሮው ጀርባም ያ ሁለት ጣት ክፍተት ይታይ። ለዚህ ሁሉ ቦታ የለም ከተባለ፣ የጀርባውን ገጽ ሩቡን ይዘው የተደረደሩት የለጋሾች አርማዎች ቢያንሱ እኛ ቅር አይለንም።